የናይቫሻው ስልክና የጁባው በር፦ የኖርዌይ ሚኒስትር የነበሩት የሒልዴ ጆንሰን ጉዳይ

ዲሴምበር 15 ቀን 2013 እሑድ ማታ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ውስጥ በፕሬዚዳንቱ የጥበቃ ጦር ሰፈር ተኩስ ተከፈተ። ሌሊቱን ሙሉ አላቆመም። ሰኞ ሲነጋ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት (ተመድ) ሁለት ሰፈሮች በር ላይ ሕዝብ ጎርፎ ነበር። አንደኛው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው ቶምፒንግ፣ ሁለተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ በጀበል ተራራ በኩል የሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። አብዛኞቹ የኑዌር ብሔረሰብ ሰዎች ነበሩ፤ የመንግሥት ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የኑዌር ወንዶችን ይገድሉ ነበርና። በሁለት ቀን ውስጥ ከ10,000 በላይ ሰው በነዚህ ሁለት ግቢዎች ተጠለለ።

ግቢዎቹ ለዚህ የተሠሩ አልነበሩም። የቢሮ ኮንቴይነር፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የወታደር ድንኳን እንጂ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ውሃም ሆነ መጸዳጃ የለም። በሩን መክፈት ከአገሩ መንግሥት ጋር መቃቃርን ያመጣል፤ መዝጋት ደግሞ ሰውን ለገዳዩ አሳልፎ መስጠት ነው። በሩ ተከፈተ። የተመድ ሰላም አስከባሪ ተልዕኮ ኃላፊ በኖርዌይ ሁለት ጊዜ የልማት ሚኒስትር የነበሩት ሒልዴ ፍራፍዮርድ ጆንሰን ነበሩ።

ይህን ጉዳይ ለጥናት የመረጥኩት በዚያ በር ምክንያት ነው። ሒልዴ ጆንሰን ደቡብ ሱዳንን ነጻ አገር ባደረገው ስምምነት ውስጥ ዓመታት ደክመዋል፤ ተኩሱን ያዘዙትንና አመፁን የመሩትን ሰዎች በስማቸው ጠርተው፣ ስልክ ደውለው የሚያገኟቸው ነበሩ። ይህ ቅርበት አንድ ጊዜ ሰላም አወረደ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይፈይድ ቀረ። ያ ለምን ሆነ የሚለውን ለመመለስ ከመነሻው መጀመር ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሒልዴ ጆንሰን በ1963 ታንዛኒያ፣ አሩሻ ከተማ ተወለዱ፤ የልጅነታቸው የመጀመሪያ ዓመታትም እዚያው አለፉ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ አጠኑ፣ በጋዜጠኝነትም ሠሩ። በ1993 በክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ በኩል ከሩጋላንድ ግዛት ለፓርላማ ተመረጡ። ከአራት ዓመት በኋላ የፓርቲው ሰው ሼል ማግነ ቡንደቪክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ በ34 ዓመታቸው የልማትና የሰብዓዊ መብት ሚኒስትር አደረጓቸው። ኖርዌይ ውስጥ ሚኒስትር የሆነ ሰው የፓርላማ ወንበሩን ለተተኪው ይለቃል፤ በሁለቱም ቦታ መቀመጥ አይፈቀድም። ስለዚህ ሹመቱ ከምክር ቤት ክርክር አውጥቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሥራው ያስገባል።

የቡንደቪክ መንግሥት በማርች 2000 በጋዝ ኃይል ማመንጫዎች ጉዳይ ተሸንፎ ወደቀ፤ ሒልዴ ጆንሰንም አብረው ወረዱ። በኦክቶበር 2001 ቡንደቪክ ሲመለሱ እሳቸውም ወደዚያው ወንበር ተመለሱ፤ እስከ ኦክቶበር 2005 ቆዩ። በመጀመሪያው ዘመናቸው ሌላ ነገርም አድርገው ነበር፦ በ1999 የእንግሊዝን፣ የጀርመንንና የኔዘርላንድስን የልማት ሚኒስትሮች በሩጋላንድ ወዳለው ጥንታዊው የኡትስታይን ገዳም ጋበዙ። አራቱም ሴቶች ነበሩ። ለጋሽ አገሮች እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ተቀባዩን አገር በሪፖርትና በልዑካን ከሚያደክሙት ተቀናጅተው እንዲሠሩ ተስማሙ። የኡትስታይን ቡድን የሚባለው ይህ ነው።

ወደ ሱዳን እንምጣ።

ኖርዌይ በሱዳን እንግዳ አልነበረችም። በ1972 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነት አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የሱዳን ጦርነት ሲያበቃ፣ ደቡቡን መልሶ ለማቋቋም ከገቡት መካከል የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅት አንዱ ነበር። ያ ስምምነት 11 ዓመት ቆይቶ ፈረሰ፤ በ1983 ሁለተኛው ጦርነት ተነሣ። ከዚያም ወዲህ የኖርዌይ ሕዝብ እርዳታ የተባለው ድርጅት በአማፅያን ይዞታ ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል፤ የበርገን ዩኒቨርሲቲም ከካርቱም ዩኒቨርሲቲ ጋር የቆየ ግንኙነት ነበረው። በዚህ ምክንያት የኖርዌይ ሚኒስትር ካርቱምም ሆነ ጫካ ስትሄድ የሚያውቋትን ሰዎች ታገኛለች። ቅኝ ገዥ አልነበረችም፤ ትልቅ ጦርም የላትም። የሰላሙን ድርድር ከደገፉት አገሮች አሜሪካና እንግሊዝ ትልልቆቹ ነበሩ፣ ኖርዌይ ሦስተኛዋ። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው ነው። ሦስቱ አገሮች ትሮይካ ተባሉ።

አደራዳሪው ግን ኢጋድ ነበር፤ መሪውም የኬንያው ጄኔራል ላዛሮ ሱምቤይዎ። ይህን ማስመር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ኖርዌይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የኬንያዊው ድካም ይዘነጋል። በጁላይ 2002 ማቻኮስ ላይ የተፈረመው ሰነድ ዋናውን ቁልፍ አስቀመጠ፦ ከስድስት ዓመት የሽግግር ጊዜ በኋላ ደቡቡ በሕዝበ ውሳኔ እጣውን ይወስናል። ከዚያ በኋላ ድርድሩ ተንቀራፈፈ። የጦሩ፣ የነዳጁ፣ የሥልጣኑ ክፍፍል አልተነካም። ተደራዳሪዎቹ ይገናኛሉ፣ ይከራከራሉ፣ ለመወሰን ሥልጣን ስለሌላቸው ወደ አለቆቻቸው ይመለሳሉ።

ነገሩን የለወጠው በሴፕቴምበር 2003 የሆነው ነው። የሱዳኑ ምክትል ፕሬዚዳንት አሊ ኦስማን ጣሃ ከአማፅያኑ መሪ ጆን ጋራንግ ጋር ፊት ለፊት ለመቀመጥ ተስማምተው ኬንያ መጡ። ጋራንግ ግን ወዲያው አልመጡም። አዛዦቻቸው ይህ ወጥመድ ነው ብለው ይፈሩ ነበር፤ እሳቸውም ከሁለተኛ ሰው ጋር ተደራድሮ የካርቱም ቤተ መንግሥት ቢክደውስ ብለው ይጠራጠሩ ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንቱ በሰው አገር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እንደ እኛ ባለ የሽምግልና ባህል ለኖረ ሰው የዚህን ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም፦ ቀድሞ የመጣው ወገን ደጅ ጠኚ መስሎ ከታየና ተዋርጃለሁ ብሎ ከተነሣ፣ እርቁ ያን ቀን ሞተ። በዚህ ጊዜ ነው የሒልዴ ጆንሰን ስልክ የሠራው። ሁለቱንም ሰዎች ከዓመታት በፊት ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ ጋራንግን እንዲመጡ ከጎተጎቱት አንዷ እሳቸው ነበሩ። ጋራንግ መጡ።

ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ፤ አደራዳሪዎቹ እንኳ ብዙውን ጊዜ ውጭ ነበሩ። በሴፕቴምበር 25 የጦሩ ጉዳይ ተፈረመ፦ ሁለት ጦር ጎን ለጎን ይኖራል፣ በመካከላቸውም የጋራ ክፍሎች ይቋቋማሉ። በጃንዋሪ 2004 ሀብቱ ተፈረመ፦ ከደቡቡ ነዳጅ የሚገኘው የተጣራ ገቢ እኩል ለእኩል። በሜይ የሥልጣን ክፍፍሉ ተከተለ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 ናይሮቢ ስታዲየም ውስጥ ሁሉም በአንድ ተጠርዞ ሲፈረም ሒልዴ ጆንሰን በኖርዌይ ስም በምስክርነት ፈረሙ። በኤፕሪል ኦስሎ ላይ ለጋሾች ተሰብስበው 4.5 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ።

እስከዚህ ድረስ የስኬት ታሪክ ነው፤ እኔም አላሳንሰውም። 22 ዓመት የተዋጋ ሕዝብ ጦርነት ሲያቆምለት ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ጉድለቶች ግን ያኔውኑ ታይተዋል፤ ለሒልዴ ጆንሰን ያለኝ አክብሮት ከመናገር አያግደኝም።

አንደኛው ዳርፉር ነው። ናይቫሻ ላይ ሆቴሉ ውስጥ ነዳጅ ሲካፈሉ፣ በምዕራብ ሱዳን መንደሮች ይቃጠሉ ነበር። ትሮይካዎቹ አልሰሙም ማለት አይቻልም። ካርቱምን በዳርፉር አጥብቀን ብንይዘው የደቡቡ ድርድር ይፈርሳል ብለው ፈሩ። ሥጋቱ እውነት ነበረው። ሆኖም ለወራት ጆሮ ዳባ ልበስ የተባለው የሰው ጩኸት ነበር፤ ካርቱምም ይህን ፍርሃት አውቆ ተጠቅሞበታል።

ሁለተኛው ጉድለት ስምምነቱ የሁለት ድርጅቶች፣ ከዚያም አልፎ የሁለት ሰዎች መሆኑ ነው። የደቡቡ ሌሎች ታጣቂዎችም ሆኑ የሰሜኑ ተቃዋሚዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የጎሳ አለቆችም ጭምር ከበር ውጭ ቀሩ። ሁለቱ ሰዎች እስካሉ ድረስ ይሠራ ይሆናል። ጋራንግ ግን ጁላይ 9 ቀን 2005 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ በ21ኛው ቀን ከኡጋንዳ ሲመለሱ ሄሊኮፕተራቸው ተከስክሶ ሞቱ። ጣሃም በካርቱም ውስጥ ተሰሚነታቸው እየቀነሰ ሄደ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የኖርዌይ ምርጫ ተካሄደ፤ የቡንደቪክ መንግሥት ተሸነፈና ሒልዴ ጆንሰንም በኦክቶበር ከሥልጣን ወረዱ። ስምምነቱ በተፈረመበት ዓመት ውስጥ፣ ካቆሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሞቷል፣ አንዷ ወጥተዋል፣ አንዱ ደክሟል። ሰነዱ ለሌላ ሰው እጅ ተላለፈ።

ሒልዴ ጆንሰን ከ2007 ጀምሮ የዩኒሴፍ ምክትል ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሠሩ። በጃንዋሪ 2011 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፤ 98.83 በመቶው ለነጻነት ድምፅ ሰጠ። ጁላይ 9 አዲሱ አገር ሲታወጅ የጸጥታው ምክር ቤት ባቋቋመው ተልዕኮ ላይ የዋና ጸሐፊው ልዩ ተወካይ ሆነው ጁባ ገቡ። በዚያው ሰሞን፣ ሁለቱ ሱዳኖች በሚጣሉባት አቢዬ፣ አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች ገብተው ነበር፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ተልዕኮ ነው።

ሹመቱን ያኔ ብዙ ሰው አወድሶታል። አገሪቱን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? የዲንካ ተወላጁን ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርን ያውቃሉ፣ የኑዌር ተወላጁን ምክትላቸውን ሪክ ማቻርን ያውቃሉ፣ የጋራንግን ጓዶች አንድ በአንድ ያውቃሉ። ችግሩም ያው ነው። ለተልዕኮው የተሰጠው ሥልጣን ሁለት ነገር በአንድ እጅ ያዘዘ ነበር፦ መንግሥቱን አቋቁሙ፣ ሕዝቡንም ጠብቁ። መንግሥቱ ራሱ ሕዝቡን ሲመታስ? ለዚህ መልስ አልነበረውም። ያላቸው ወታደር እስከ 7,000 ነው፤ አገሪቱ ከ600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖራት፣ ደህና መንገዷ ጥቂት ነው፣ ክረምት ሲገባም ግማሿ ረግረግ ይሆናል።

ምልክቶቹ ቀስ በቀስ መጡ። በ2011 መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ የሉ ኑዌር ወጣቶች ታጥቀው በጆንግሌ ግዛት ፒቦር አካባቢ ሙርሌ በሚባለው ብሔረሰብ ላይ ዘመቱ። የተልዕኮው ሰዎች ከአየር አይተው ነዋሪው ከተማውን ለቆ እንዲሸሽ አስጠነቀቁ፤ ማስቆም ግን አልቻሉም። በሜይ 2012 ኪር ለ75 ባለሥልጣናት ደብዳቤ ጽፈው ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የጠፋ የሕዝብ ገንዘብ እንዲመልሱ ጠየቁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባላችን እዚያም የሚያስተዳድር ሕግ ሆኖ ነበር ማለት ነው። በዲሴምበር 2012 የመንግሥቱ ጦር የተመድን ሄሊኮፕተር ጆንግሌ ላይ መትቶ ጣለ፤ አራቱ ሩሲያውያን የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። በኤፕሪል 2013 እዚያው ጆንግሌ ውስጥ ጉሙሩክ በተባለች ቦታ አካባቢ ታጣቂዎች አድብተው አምስት ሕንዳውያን ሰላም አስከባሪዎችንና ሰባት ሲቪሎችን ገደሉ።

በእነዚህ ዓመታት ሒልዴ ጆንሰንን ብዙዎች ለመንግሥቱ ያደላሉ ብለው ወቀሷቸው። እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሰዎቹን በትግል ጊዜያቸው ያወቀ ሰው የዛሬ ጥፋታቸውን በትናንት ተስፋቸው ሚዛን ይለካል። ጓዳ ገብቶ መምከርን ይመርጣል፤ አደባባይ ወጥቶ መገሠጽን ያዘገያል። ናይቫሻ ላይ የጓዳ ምክር ሠርቶ ነበር፤ ምክንያቱም ጋራንግም ጣሃም ያኔ ስምምነቱን ይፈልጉት ነበር። ጁባ ውስጥ ግን ኪርና ማቻር የሚፈልጉት ወንበሩን ነበር። በጁላይ 2013 ኪር ማቻርን ከምክትል ፕሬዚዳንትነት አነሷቸው፣ ካቢኔውንም በሙሉ በተኑ። ከዚያ በኋላ የማንም ስልክ አልሠራም።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የሆነው የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው። በአራት ቀን ውስጥ፣ ዲሴምበር 19፣ አኮቦ ላይ ታጣቂዎች አንዲት አነስተኛ የተመድ ሰፈር ሰብረው ገብተው ሁለት ሕንዳውያን ወታደሮችንና የተጠለሉ ዲንካዎችን ገደሉ። ጁባ ላይ ኑዌሮች ይሸሻሉ፤ አኮቦ፣ ቤንቲዩ፣ ማላካል ላይ ደግሞ ሌሎች። በሩ ለሁሉም ነበር የተከፈተው። በዚህም ምክንያት ሁለቱም ወገኖች ጠላታችንን ደበቃችሁብን አሉ።

በጃንዋሪ 2014 ቦር ላይ የሆነውን በቅርብ እንየው። ከተማዋን የመንግሥት ጦር እንደገና ያዘ። የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ማይክል ማክዌይ ከታጠቁ ጠባቂዎች ጋር ወደ ተመድ ሰፈር ለመግባት መጡ። በሩ ላይ ያሉት ሰላም አስከባሪዎች መሣሪያ ይዞ መግባት አይፈቀድም አሉ። ሚኒስትሩ በገዛ አገሬ ብለው ተቆጡ። ውስጥ ያሉት ተፈናቃዮች እነዚያን ጠመንጃዎች ሸሽተው የገቡ ናቸው። በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ኪር ተመድ ትይዩ መንግሥት ሊሆንብን ነው ብለው በአደባባይ ወቀሱ። ይህን ያሉት የሒልዴ ጆንሰን የዓመታት ወዳጅ ናቸው።

በማርች ነገሩ ባሰ። የጋና ሰላም አስከባሪዎች ዕቃ በኮንቴይነር ተጭኖ በየብስ ሲሄድ ሩምቤክ ላይ ተፈተሸ። ጽሑፉ ጠቅላላ ዕቃ ይላል፤ ውስጡ ግን መሣሪያ ተገኘ። በተመድ ደንብ መሣሪያ መጓዝ ያለበት በአውሮፕላን ነበር። ድርጅቱ ስሕተቱን አመነ፣ መሣሪያው ለራሱ ወታደሮች መሆኑንም አስረዳ። ግን ማን ይሰማል? ለአማፅያን ሊያቀብሉ ነው ተባለ። ሰልፈኞች የሒልዴ ጆንሰንን ስም በካርቶን ጽፈው ትውጣልን እያሉ ተሰለፉ። አንድ የተሳሳተ የዕቃ ወረቀት የሦስት ዓመት ሥራ ላይ ጭቃ ለጠፈ። ኃላፊነቱ ከእሳቸው አይወርድም፤ በሰላሙ ጊዜ ቢሆን በአንድ ደብዳቤ የሚታረም ስሕተት ግን ያኔ የሰው ሕይወት ያስከፍል ነበር። ኤፕሪል 17 ቦር ላይ አቤቱታ ልናቀርብ ነው ብለው የመጡ የታጠቁ ሰዎች ወደ ሰፈሩ ሰብረው ገብተው ከ40 በላይ ተፈናቃዮችን ገደሉ።

በዚያው ዓመት በሜይ ተልዕኮው የሰብዓዊ መብት ሪፖርት አወጣ፤ በሁለቱም ወገን በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል አለ ለማለት በቂ ምክንያት እንዳለ አስታወቀ። ወዳጅነት ያን ቀን አበቃ። የጸጥታው ምክር ቤትም ሜይ 27 ባሳለፈው ውሳኔ መንግሥትን ማቋቋም የሚለውን ሥራ ከተልዕኮው አንሥቶ ሲቪሎችን መጠበቅን አስቀደመ። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ እጅ እንደማይያዙ ለማመን ሦስት ዓመትና ያ ሁሉ ደም አስፈለገ።

ሒልዴ ጆንሰን ቀድመው ማየት ነበረባቸው የሚሉ አሉ። እኔም በከፊል እስማማለሁ፤ በ2012ና በ2013 ድምፃቸው ከፍ ማለት ነበረበት። በዲሴምበሩ ሌሊት ውሳኔ ላይ ግን አልስማማም። የአፍሪካ ኅብረት በናይጄሪያው ኦባሳንጆ መሪነት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2015 ሪፖርቱ ሲወጣ፣ ጁባ ውስጥ በኑዌሮች ላይ የተፈጸመው ግድያ የተቀነባበረ እንደነበር አረጋገጠ። ያን ሌሊት በሩ ተዘግቶ ቢሆን ውጭ ይጠብቃቸው የነበረው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በሩን ሲያስከፍቱ ማንን አውቃለሁ፣ ማን ይቀየመኛል የሚል ስሌት አልሠራም፤ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ትልቁን ዋጋ ያስከፈላቸውም፣ በእኔ ዓይን ትልቁ ሥራቸውም ይኸው ነው።

ክረምቱ ሲገባ ቶምፒንግ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ሰዉ ጉልበቱ ድረስ በጭቃ ውሃ ቆሞ ያድር ጀመር፤ ጁባ ውስጥ ኮሌራ ገባ። ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የተጠጉት ደግሞ ተሻግረው ጋምቤላ ገቡ፤ በ2014 ብቻ ከ150,000 በላይ ነበሩ። በጁላይ 2014 ሒልዴ ጆንሰን የሥራ ጊዜያቸውን ጨረሱ፤ በኋላም በቦታቸው ዴንማርካዊቷ ኤለን ማርግሬተ ሎይ ተተኩ። እሳቸው ከጁባ ሲነሡ በመላ አገሪቱ በተመድ ግቢዎች ውስጥ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ተጠልሎ ነበር፤ በዚያች ሰኞ በር ላይ ከቆሙት ብዙዎቹም ገና አልወጡም።